ላይና ታች የሌለው ውሃ

በእኛ በሀብሩ አገር ውሃ ላይና ታች አለው። የላይኛው ሰው አረምና ግንድ ቦይ ውስጥ ከጣለ የታችኛው ሰው ሽንኩርት ይደርቃል። ስለዚህ የመስኖ ወቅት ሲገባ የላዩም የታቹም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቀን ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። አዛዡ የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ያልጠረገ ሰው ተራው ሲደርስ ውሃ አያገኝም። ባሌ የሞተብኝ ነኝ ብሎ መቅረት የለም። እሱ ካረፈ ወዲህ አካፋ ይዤ የምወጣው እኔው ነኝ።

ይህን የምጽፈው ተምሬ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ እርሳስ ከመያዝ ማጭድ መያዝ ይቀለዋል። ግን ላመሰግናቸው የሚገባኝ ሰዎች ድምፄን ሊሰሙት አይችሉም፤ እንግዲህ ወረቀት ይስማኝ።

ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ ሲለቀም ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። የመርሳ ልጅ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና «አሰብ ወስደህ ሥራ አስገባልኝ፣ እዚያ የሚሠሩትን አይነኳቸውም አሉ» ብዬ ለመንኩት። ወሰደው። ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ገባ። ከአንዱ አሸሸሁት ብዬ ሳልጨርስ ባሕር የሚባል ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ወንዛችንን ነው፤ እሱም በክረምት በሬ ይወስዳል።

አንድ ጠዋት ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ መጣ። ወትሮ ከሩቅ ጡሩምባ እየነፋ የሚቀልድ ሰው ዛሬ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እትዬ፣ አይደንግጡ» አለኝ።

እንዲህ ብሎ ያላስደነገጠ ሰው አለ? ልጄ ያለባት ጀልባ ወጥታ አልተመለሰችም። ፈልገው አጧት።

እስላሟ ጎረቤቴ ሰምታ ሴቶቹን ሰበሰበችና ዱአ አደረጉልኝ። እኔም መሃላቸው ተቀምጬ «አሚን» አልኩ። ሲያበቁ ደግሞ ሄጄ ለማርያም ተሳልኩ። «ደግ አደረግሽ፣ ጌታው አንድ ነው፤ በሩን ሁሉ አንኳኪ» አለችኝ ጎረቤቴ።

በዚህ መሃል የቦይ ጠረጋው ቀን ደረሰ። ከመደቤ አልነሣም ብዬ ተኝቻለሁ። የውሃ አባት ደጄ ቆመው ተጣሩ።

«ወሬው የሚመጣው በመንገድ ነው፣ ቦያችንም ያለው መንገዱ ዳር ነው። እዚያው ሆነሽ ጠብቂው። ተነሽ ልጄ።»

ተነሣሁ። ጭቃውን እዝቃለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል።

«አንቺ ሴት፣ ተይ እንጂ!» አሉ የውሃ አባት ከላይ ሆነው። «ጨው የበዛበት ሽንኩርት ልታበይን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ ባሰብኝ።

ለምሳ ልናርፍ ስንል ከውርጌሳ በኩል ጡሩምባ ተሰማ። አንዴ አይደለም፣ እየደጋገመ ይነፋል። መኪናው ሳይቆም አንድ ሰው ዘለለ። ፀሐይ የላጠው ፊት፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ሰውነቱ ላይ የማላውቀው ነጭ ጀለቢያ። ልጄ ነው! አካፋዬን የት እንደወረወርኩት አላውቅም፤ «ኧረ ሰው ትጨርሻለሽ!» የሚል ብቻ ከኋላዬ ሰማሁ።

ቦዩ ዳር አስቀምጠን እያበላነው ነገሩን ነገረን። የማንም ይሁን የማን፣ ባሕር ላይ የተጣለ አሮጌ መረብ ከገመድና ከላስቲክ ጋር ተቆላልፎ የጀልባዋ ሞተር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ ሞተ፣ ነፋሱ ወሰዳቸው። የሚጠጡት ውሃ ካለቀ በኋላ የየመን አጥማጆች ደርሰው ጎትተው አወጧቸው። ጀለቢያው የየመኖቹ ሽማግሌ ካፒቴን የሰጡት ነው።

«ዓሣ ፍለጋ ወጥተው ነው ያገኟችሁ?» አሉት የውሃ አባት።

«አይደለም አባባ። ያንኑ መረብ ሊያነሡ ነው የወጡት። የእኛ አጥማጆች፣ የየመኖቹና የጅቡቲዎቹ ተስማምተዋል። አሮጌ መረብ ባሕር ላይ አይጣልም፣ ተጥሎ ያየ ለሌላው ይናገራል፣ በተራ እየወጡ ያነሣሉ።»

«ጣዩ ማን ነው? ላይኛው ማን ነው?»

«ባሕር ላይና ታች የለውም እኮ። ነፋሱ ከእኛ ወደነሱ፣ ከነሱ ወደ እኛ ያመላልሰዋል። ሁሉም ታችኛ ነው።»

የውሃ አባት ጢማቸውን ዳበሱ። «ቋንቋቸው ሌላ፣ መንግሥታቸው ሌላ፣ ተራ ግን ያውቃሉ በለኛ! የኛን ሰው፣ ‹ያየ ያንሣ› ብትለው እኮ አገሩ ሁሉ ዓይኔን አሞኛል ይላል።»

እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ነው የማስበው። ሰዎቹ ቆሻሻ ሊያነሡ ወጥተው ልጄን አገኙልኝ። ያን ቀን ተራችን ቢሆንም አንወጣም ብለው ቤታቸው ቢውሉ ኖሮ ልጅ አልነበረኝም።

እንዲህ እያሰብኩ ሳለ ልጄ «ሰኞ ወደ አሰብ እመለሳለሁ እማ» አለኝ። «የመረቡ ግማሽ ገና አልተነሣም። ቀጣዩ ተራ የእኛ ነው።»

«ሞቼ ነው! አባባ፣ እርስዎ ይንገሩት!»

«እኔ? ተራህን ዝለል ልበለው?» አሉና ወደ ቦዩ ዞሩ።

ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ። «እታለም፣ የነዚያ የየመኖቹ እናቶችስ አትሄዱም ብለው ይዘዋቸው ቢሆን ኖሮ?»

አካፋዬን ፈልጌ ወደ ቦዩ ተመለስኩ።

ጀለቢያውን አጥቤ አጠፍኩት። ቆሎ ቆላሁ፣ በሶ አዘጋጀሁ፣ በሁለት ከረጢት አደረግሁት፤ አንዱ የካፒቴኑ ነው።

«ቆሎ አያውቁም እኮ» አለ ልጄ እየሳቀ።

«ይወቁታ!»

መኪናው ሲነሣ ሂድ ያልኩት እኔው ነኝ። ልጄ ዛሬም ባሕር ላይ ነው፣ እኔም ዛሬም እፈራለሁ። በጸሎቴ እሱን ሳነሣ የማዶዎቹንም አነሣለሁ። ስማቸውን አላውቅ፣ እግዜር ግን ሳያውቃቸው አይቀርም።

በኋላ ሾፌሩ እንደነገረኝ ካፒቴኑ ቆሎዬን ሲቆረጥሙ አንድ ጥርሳቸውን ሰብረዋል፣ ከረጢቱን ግን ለማንም አላጋሩም አሉ። ከዚያ ወዲህ የምልክላቸው በሶውን ብቻ ነው።