ከሊማት ዳር የተለቀመ ድንጋይ

እኔ ስናደድ ድምፄ አይወጣም። ያን እሑድ ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ያለው ቤቴ ተንኳኳና ስከፍት ሁለት ያገር ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከኋላቸው እሱ አለ፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ከሊማት ወንዝ ዳር የተለቀመ፣ ውኃ ያለሰለሰው ድንጋይ ነው። እንዳይጎረብጠው መርጦ ነው ያመጣው።

እሱ ማለት በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች አዛዥ የነበረው ነው። ታላቅ ወንድሜን በፒጃማው ከቤት ያወጣው እሱ ነው። እናቴ ሬሳውን እንኳ ሳታገኝ ሞተች። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰውዬውን እዚሁ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን ባቡር ጣቢያ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ፉርጎ ይቀይራል እንጂ አንድ ቀን ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም።

ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ? ከአሜሪካ ዜና መጣ! እዚያ ያሉ ያገራችን ሴቶች ያሰቃያቸውን ሰው አግኝተው ፍርድ ቤት አቆሙት። እኔም ማክሰኞ ጄኔቭ ሄጄ ለአንዲት የሰብአዊ መብት ጠበቃ ቃሌን ልሰጥ ተቀጥሬያለሁ፤ ይህንን ለአንድ ሰው ብቻ ብነግር ዙሪክ ሙሉ ሰማ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ይሄኛውስ የወጋውም አልረሳም፤ ጸጸቱ እንዲመጣ ግን ዳኛ መፍራት ነበረበት።

«ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው አይመለስም። አውርጂለትና ይቅር ለእግዚአብሔር በይ። የጄኔቩም ነገር በዚሁ ይቅር።»

ወጉን አውቀዋለሁ። ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳይ ነው፤ ካወረደ ምሯል፣ ነገሩም አለቀ። በገዛ ወጌ ሊያስሩኝ መምጣታቸው አንገበገበኝ።

«አወርድለታለሁ፣ አባባ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገረኝ» አልኩና ወደ እሱ ዞርኩ። «ወንድሜን የት ነው የቀበራችሁት?»

«ታዝዤ ነው፣ እህቴ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ማን እንዳዘዘህ አልጠየቅኩህም። የት?»

«ተይ ልጄ፣ የዳነ ቁስል አትነካኪ» አሉ ሽማግሌው።

«የማን ቁስል ነው የዳነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ዛሬም አልጸጸትበትም።

በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ ቦታውን ቢነግረኝ አወርድለት ነበር፤ ጄኔቭንም እተው ነበር። እሱ ግን ቦታውን መናገር ወንጀሉን ማመን መሆኑ ገባው። ቀና አለና ድንጋዩን በገዛ እጁ አውርዶ ደጃፌ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተከትለውት ደረጃውን ወረዱ።

ማክሰኞ ጄኔቭ ሄድኩ። ጠበቃዋ ያልኩትን ሁሉ ጻፈችና እዚህ እንደ አሜሪካ አይቀልም፣ ጠብቂ አለችኝ። ይኸው እየጠበቅኩ ነው።

ጎረቤቴ ያን ድንጋይ አበባዋ ሥር ልታስቀምጠው ደጋግማ ለምናኛለች። አልሰጣትም። የወንድሜ መቃብር የተገኘ ዕለት እዚያ የማስቀምጠው ነው።