የሸክላ ሠሪዋ ተራ

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ውስጥ ምሳ ተጋብዤ፣ ወጡ በአዲስ ሸክላ ድስት እየተንተከተከ ቀረበልን። ሸክላው ሲግል የሚያወጣው የአፈር ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የጎረስኩት አልወርድ አለኝ። ጋባዣችን ድስቱን በስልኩ ፎቶ እያነሳ፣ "ባህላችን እኮ ነው!" አለ። ባህላችን! ንዴቴን በውኃ አወራረድኩት።

ያ ሽታ የቤታችን ሽታ ነበር። ያደግኩት ቢቸና ከተማ ዳር ነው፤ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ በእጇ አሽታ ታቆመዋለች። ከዚያ ድብልብል ጭቃ ውስጥ ማድጋው ሆድ እያወጣ፣ አንገት እያወጣ ሲነሳ አፌን ከፍቼ አይ ነበር። ስትጨርስ በአውራ ጣቷ ታማትብበታለች። ፀሐይ ላይ ሰንብቶ በኩበትና በጭድ ሲተኮስ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

ከተማው በእናቴ ሸክላ በላ፣ ጠጣ። እሷን ግን ቡዳ ይላት ነበር። ከገበያ ስትመለስ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ "እንዳትበላብኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቤታችን ገብቶ ውኃ እንኳ የቀመሰ ጎረቤት አላውቅም።

አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ስለ አዳም አፈጣጠር አስተማሩ። እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር አበጀው፤ በአርአያውና በአምሳሉ ስለፈጠረው፣ ሰውም ያልነበረውን ነገር አስቦ በእጁ ያበጃል፤ ይህ ችሎታ የፈጣሪው መልክ ነው አሉ። ቤት ስንደርስ እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ሰማሽ አይደል? እግዜርም እኮ ጭቃ ነክቷል!" አለችኝ።

ያ ትምህርት ደፋር አደረጋት። አባ ዘንድ ሄዳ የማርያም ማኅበር እንድትገባ ለመነቻቸው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ ተራ እየገቡ የሚደግሱ ሴቶች ነበሩ፤ የሚጠጡበትን ጽዋ እንኳ የሠራችው እሷ ናት። አባ ሴቶቹን አግባብተው የአንድ ወር ተራ አሰጧት።

እናቴ ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ቀባች። ለየማኅበርተኛዋ አዲስ መጠጫ ሠራች። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠበብ ያለ፣ አንዱ ከንፈሩ ወጣ ያለ ነበር።

"እማ፣ ለምን አንድ ዓይነት አታደርጊያቸውም?" አልኳት።

"እግዜር እኛን አንድ ዓይነት አድርጎናል እንዴ?"

በቀኑ ጠበቅን። ቤቱ በዳቦና በኮባ ሽታ ታፍኗል። ኮቴ በተሰማ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ብድግ ትላለች። ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ ጓሮ ዞረች፤ አንዲትም ሴት አልመጣችም። በመጨረሻ አባ ብቻቸውን መጡ። ጸሎት አድርገው ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ። እናቴ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

"ይቅመሱልኝ አባ፣ በሞቴ።"

"ልጄ፣ ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው የዋለ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። መስቀል አሳልመውን ወጡ።

ሴቶቹስ ይሁን፣ አልገባቸውም ልበል። እሳቸው ግን ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው! መቅደስ ደጃፍ ቆመው የፈጣሪ መልክ ነው ያሉትን እጅ፣ ቁራሽ ዳቦ ሲዘረጋላቸው ፈሩት። ያን ቀን ከመጠጫዎቹ አንዱን አንስቼ ከበሩ ላጋጨው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተይ። እሱ ምን አደረገሽ?" አለችኝ። ድምፅዋ ደክሞት ነበር። ዳቦውን ሁለታችን በላነው፤ ጠላው ግን ኮመጠጠ። ማኅበር የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ ከአፏ አልወጣም።

ዐምና እናቴ አረፈች። ለአርባዋ እዚያው ግቢያችን ዳስ ጣልኩ። እነዚያ የማኅበር ሴቶች፣ በሕይወት ያሉት፣ በልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። ወጡን የሠሩት ከከተማ ያመጣኋቸው ሴቶች ስለሆኑ ይሁን፣ ወይ ዘመኑ ተለውጦ፣ አላውቅም። በሉ። እየተሳሳቁ ጠጡ። ያኔ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት አሮጊት ጣታቸውን እየላሱ፣ "ነፍሷን ይማር፣ እናትሽ እኮ ባለሙያ ነበረች" አሉኝ።

ጉሮሮዬ ላይ የደረሰው ስድብ ለሰው የሚነገር አይደለም። ሰሃኑን ከፊታቸው ላነሳባቸው ጎንበስ አልኩ። ቀና ብዬ ሳይ ግቢያችን በእንግዳ ጢም ብሏል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀቻቸው ሰዎች መጥተውላታል፤ እሷ ግን የለችም።

እሷ ብትሆን ትጨምርላቸው ነበር። ጨመርኩላቸው።