የአራሷ ዓሣ ቅቤ

እኔ ዓሣ ወዳጅ ሆኜ አልተወለድኩም። ዓሣ ለእኔ ከአባያ መጥቶ ሶዶ ገበያ ላይ በፌስታል የሚንጠለጠል፣ ቤት ሲገባ ተጠብሶ በዳጣ የሚበላ ነገር ነበር። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የዓሣን ስንጥብ ሰሌዳ ላይ ስስል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሳሎንሽ ውስጥ የባሕር ውሃ አስቀምጠሽ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቀቱን እየለካሽ ትኖሪያለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር ግን ጤንነቱን እጠራጠር ነበር።

ጥፋቱ የባለቤቴ ነው። እሱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነው። ለሥራ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ አንድ ሐኪም ደግሞ የዓሣ ገንዳው ፓምፕ በተበላሸበት ቁጥር ወደ እሱ ይሮጥ ነበር። ሐኪሙ ዝውውር ሲያገኝ ገንዳውን ከነነፍሱ ጭኖ መሄድ አልሆነለትም፤ ለባለቤቴ ሰጠው። አንድ ቅዳሜ ከቸርች ስመለስ አራት ወንዶች ላብ በላብ ሆነው ሳሎኔ ውስጥ መስታወት ተሸክመው ቆመዋል። ቡፌዬ በረንዳ ላይ ወጥቷል። የእናቴ ስጦታ የሆነው ቡፌዬ! ወይ እሱ ወይ እኔ ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ሶኬቱን ሰካ።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ሻይ ይዤ በገንዳው አጠገብ ሳልፍ፣ ትናንት ጭብጥ ብሎ የነበረው ቡናማ ነገር እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ፣ ከላዩ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጣቶች አውጥቶ ይወዛወዛል። ኮራል ድንጋይም አበባም ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ይህን ለስንቱ ተማሪ ተናግሬአለሁ፤ አምኜው ግን አላውቅም ነበር። ሻዩ እጄ ላይ በረደ። ከዚያ በኋላ ቡፌው በረንዳው ላይ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው፤ ዶሮዋ ትተኛበታለች።

ሥራው ቀላል አይምሰላችሁ። ጨው ይበቃዋል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል፤ የወጥ ጨው ብትጨምሩበት በማግስቱ ሁሉም ሬሳ ነው። የባሕር ጨው የሚባለው ዱቄት በባልዲ ታሽጎ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ይመጣል፤ ረዳቱ በየጊዜው ምንድነው ይሄ እያለ ያሸተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የተጣራ ውሃ በርሜል ውስጥ አድርጌ፣ ዱቄቱን በጥብጬ፣ በመለኪያ ለክቼ ለመጠባበቂያ አስቀምጣለሁ። ሶዶ ደግሞ ክረምቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እነሱ የሙቅ ባሕር ልጆች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑና ማሞቂያው እንዳይቆሙ ባለቤቴ ከአሮጌ ባትሪዎች አንድ ነገር ቀጣጥሎ ሠራልኝ። ፍቅሩን በቃል የሚናገር ሰው አይደለም፤ በሽቦ ነው የሚናገረው።

ዓሦቹ ሁለት ናቸው፤ ብርቱካናማ ሆነው በነጭ መቀነት የታጠቁ። ትልቋ ሚስት፣ ትንሹ ባል ነው። በዚያ በእንጉዳዩ ኮራል ጣቶች መሃል ይተኛሉ። ጎረቤቶች መጀመሪያ መቼ ነው የሚጠበሱት እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔም እነሱን ለጉላሽ ነው ያስቀመጥኩት እያልኩ አብሬ እስቅ ነበር። ያላሳቀኝ ሌላው ወሬ ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ልጅ ቢጠፋ ዓሣ ታሳድጋለች መባሌን ሰምቻለሁ። የሰው አፍ በምን ይከደናል? ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ቤት ገብቼ ግን ገንዳው ፊት ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከጉኑኖ ወደ እኛ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ሞራ ነበረባቸው፤ ተገፈፈላቸው፤ ለክትትል ሦስት ሳምንት እኛ ጋ እንዲቆዩ ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሰባት ወልደው ሰባቱንም ያሳደጉ ሴት ናቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ልጅ አንድ ቃል ጠይቀውኝ አያውቁም። ሌላው አማት ይነዘንዛል፤ እሳቸው ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝምታቸውን ወቀሳ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ከጓዛቸው ጋር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ትልቅ የቅቤ ድቡልቡል ይዘው መጥተዋል። ለቤቱ ነው ብዬ ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ፣ የለም ብለው አልጋቸው ሥር አኖሩት። እንዲህም ይሰስታሉ እንዴ ብዬ በልቤ ታዘብኳቸው።

የዓይናቸው ፋሻ ከተነሳ በኋላ ግን ከገንዳው ፊት የሚያነሳቸው ጠፋ። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ የቀኑን ወሬ በወላይትኛ ይነግሩኛል፤ ያኛው ቁጡ ነው፣ ያቺ ሆዳም ናት፣ አረንጓዴዎቹ ኮራሎች ዛሬ ዘግይተው ነው የተከፈቱ። ኮራሉ እንስሳ መሆኑን ስነግራቸው አፉ የት አለ አሉኝ፤ ባሳያቸው ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለኮራል የሳቀ ሰው ከባለቤቴ ሌላ አላየሁም ነበር። እየወደድኳቸው መጣሁ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ሚስትየዋ ከእንጉዳዩ ሥር ባስቀመጥኩት የሸክላ ስባሪ ላይ ሆዷን እያሻሸች ስትመላለስ ደረስኩ። ከኋላዋ ብርቱካናማ ነጠብጣብ በረድፍ ይቀራል። እንቁላል! ሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነው። ይህ እንኳን ሶዶ፣ ባሕር ዳርቻ ባሉ ቤቶችም በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው፤ ውሃው፣ ሙቀቱ፣ ምግቡ፣ ሰላሙ ሁሉ ካልተሟላ አይወልዱም። ባልየው ተከትሎ መጣና በክንፉ እያራገበ ይጠብቃቸው ጀመር። እንቁላል ጣለች አልኳቸው፤ እንደ ዶሮ ማለት ነው። አማቴ ተቆጡ። ከዶሮ ጋር አታመሳስያት፣ የዶሮ ባል መቼ አጠገቧ ይቆማል አሉኝ። ቀጥለው ልጃቸውን ጠርተው፣ ና ከዚህ ወንድ ተማር ብለው አሾፉበት።

በማግስቱ ጠዋት እያፏጨሁ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሴት ልጅ አታፏጭም፤ አፏጨሁ። ለምሳ ስመለስ በሩን ስከፍት የቅቤ ሽታ ተቀበለኝ።

የገንዳው ላይኛ ክፍል ያብለጨልጫል። የቅቤ ቁርጥራጮች ይንሳፈፋሉ፤ ከሙቀቱ የቀለጠው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። እንጉዳዩ ጭብጥ ብሏል፣ አረንጓዴዎቹ ተዘግተዋል። ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ አረፋ መሥራት አቁሟል፤ ዕቃ ያጠበ ሁሉ እንደሚያውቀው አረፋና ቅባት አይስማሙም። ሚስትየዋ ከላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቅባቱ አየሩን ዘግቶባቸው እየታፈኑ ነው። ባልየው ብቻ ከእንቁላሎቹ አልተነሳም፤ ማራገቡ ግን ደክሟል። አማቴ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በቅቤ ወዝቶ አጠገቡ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

ራሴን ሳትኩ። ይህ በረት አይደለም አልኩ፤ ያልነገርኩዎትን ነገር ማን ንኩ አለዎት አልኩ፤ ለአማት የማይባል ብዙ ነገር አልኩ። መጨረሻ ላይ የወጣው ግን ቁጣም አልነበረም።

«እርስዎ ሰባት ወልደው አሳድገዋል፣ እማማ። እኔ ያለኝ ይሄ ነው። ይሄንኑ ገደሉብኝ?»

ፈገግታቸው ጠፋ። ወጥተው እጃቸውን በሙቅ ውሃ አጥበው ተመለሱና፣ እኔን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ቀሚሳቸውን ጠቀለሉ። ቅቤ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው፣ ዞር በይ አሉኝ። ከዚያ መዳፋቸውን በውሃው ፊት ላይ አስቀምጠው፣ ወተት ከተናጠ በኋላ ቅቤውን እንደሚሰበስቡት፣ ቀስ አድርገው ያዞሩት ጀመር። ውሃው ዞረ፤ ቁርጥራጮቹም እርስ በርስ እየተያያዙ ወደ መሃል መጡላቸው። ጥፍራቸው እንኳን ወደ ታች ሳይወርድ አፍሰው ወደ ሳህን ያወጡታል። እኔ ብሞክር ኖሮ ሁሉንም በትኜ አሟሟው ነበር።

ለቀረው ቀጭን ቅባት እኔ ሶፍት አመጣሁ። አንዱን ገጽ ውሃው ላይ አንጥፌ፣ ሲጠጣ አንስቼ፣ ሌላ አነጥፋለሁ። አንድ ጥቅል ጨረስን። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዞርኩት፣ ውሃው እየተረበሸ አየር እንዲያገኝ። ከመጠባበቂያው በርሜል አዲስ ውሃ ሞቅ አድርጌ እሳቸው በባልዲ ሲያቀብሉኝ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ስጨምር፣ ያንኑ ያህል አሮጌውን ስንቀዳ ሚስትየዋ ላይ ዓይናችንን ተክለን ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ራሷን ወደ ታች አዘነበለች፣ ወረደች፣ ባሏ አጠገብ ሄደች። እሱም ማራገቡን አጠነከረ።

ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። አማቴም አጠገቤ ቁጭ አሉ። ለምን እንዳደረጉት የጠየቅኳቸው ያኔ ነው፤ በለሰለሰ ድምፅ።

«እኛ ጋ አራስ ቅቤ ካልተቀባች ወለደች አይባልም» አሉ። «ይሄ ቅቤ ያንቺ ነው። ልጄ አንቺን ባገባ ዓመት ነው ማስቀመጥ የጀመርኩት። በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ዘመን ሲለወጥ፣ አሮጌውን አወጣና በአዲስ እተካዋለሁ። ዘንድሮም ምናልባት ብዬ ይዤው መጣሁ። ትናንት በዚህ ቤት አራስ አየሁ። ያንቺ ልጆች ናቸው፣ ስታሳድጊያቸው አይቻለሁ። አራስ እያለ ቅቤ ይደበቃል?»

ክው አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይወቅሱኛል ያልኳቸው ሴት ዘጠኝ ጊዜ ቅቤ ተክተውልኛል። እኔ ደግሞ ስስታም ብያቸዋለሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ፤ እሳቸውም አትጩሂ፣ አራሷ ትደነግጣለች ብለው ገንዳውን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

እንቁላሎቹ ምን ሆኑ ለምትሉኝ፣ በስምንተኛው ቀን ተፈለፈሉ፤ ትንኝ የሚያህሉ ነበሩ፣ የሚሆናቸው ምግብ ስላልነበረኝ አንድም አላደገልኝም። ከአረንጓዴዎቹም አንዱ ዳግም አልተከፈተም። ሚስትየዋ ከዚያ ወዲህ ደጋግማ ወልዳለች፤ በወለደች ቁጥር ጉኑኖ እደውላለሁ፣ አማቴም ቅቤ እንዳትቀቢያት እያሉ ይስቁብኛል።

ያን ቀን ግን ከወለሉ ሳልነሳ፣ የተረፈ ቅቤ እንዳለ ጠየቅኳቸው። ከአልጋቸው ሥር ግማሹን ከነኮባው አወጡት። ሻሼን ፈታሁ።

«እንግዲያው እኔንም ይቀቡኝ» አልኩ።

ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ሙሉ አፍሰው መሃል አናቴ ላይ አኖሩልኝ፤ እያሹ፣ በሹክሹክታ እየጸለዩ፣ ረጅም ጊዜ አናቴን ያዙት።

የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ሻሼን መልሼ አስሬ፣ ቅቤው በጆሮዬ ሥር እየቀለጠ ሲወርድ ነው መምህራን ክፍል የገባሁት። በቅርብ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ የእኔን ነገር የማታውቅ አንዲት መምህርት ሽታውን ሰምታ ቀና አለችና፣ ቤታችሁ አራስ አለች እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ።

«አለች» አልኳት። «ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው።»