ቱርቦ ለገጠምንላት መኪና የቱ ኮምፒውተር ይሻላል?

ዛሬ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ስንወጣ፣ ዳገቱ መሐል ላይ መኪናዬ ድንገት ጉልበቷን አጣች።

አየር በግፊት እያስገባ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረውን ቱርቦ የገጠመልኝ መካኒክ ጓደኛዬ ደረጀ አጠገቤ ነበር። "ነግሬሽ ነበር! ከፋብሪካ የመጣችበት የሞተር ኮምፒውተር ይበቃት ነበር" አለኝ።

ቱርቦን የሚቆጣጠር አዲስ ኮምፒውተር ካልገባላት ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። (ሽማግሌ ቢላክብኝም አልመለስም ነበር።)

ወርደን ስናይ የነዳጅ ፓምፑ ሽቦ ላልቷል። አዲሱ ኮምፒውተር ነዳጅ ማነሱን አውቆ፣ ሞተሩ እንዳይጎዳ የቱርቦውን ግፊት ቀንሶታል።

ደረጀ ሽቦውን አጠበቀ። "የድሮው ቢሆን ግፊቱን ስለማይቀንስ ፒስተኑን አቅልጠን እዚሁ ቁጭ ነበር። ረተሽኛል" አለ።

ከዚያ እስከ አንኮበር ሳንቆም ወጣን።

እናንተስ ቱርቦ ስታስገጥሙ ኮምፒውተሩን ቀየራችሁ ወይስ በድሮው ቀጠላችሁ? ምን ገጠማችሁ?