ጨሞጋ ላይ የተመታው የባቡር ደወል

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ከጨሞጋ ወንዝ በላይ ያለችውን ጉብታ እንድንይዝ። ከሉማሜ በኩል የመጣው የጣልያን ጦር መንደር እያቃጠለ ነበር። ሕዝቡ ወንዙን እስኪሻገር ማቆየት የእኛ ፋንታ ሆነ። አሥራ አንድ አርበኞች ነበርን። ክረምት ስለ ነበር ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገሪያው አንድ የወደቀ ግንድ ብቻ።

ይህን የምጽፈው ለተማሪዎቼ ስለ ሆነ ደወሉን ላስረዳ። ማሻገሩን የያዘው ጓዳችን ተሰማ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ ቲኬት ይቆርጥ ነበር። እዚያ በመጀመሪያው ደወል መንገደኛው ከመጠበቂያው አዳራሽ ይወጣል፤ በሁለተኛው ይሳፈራል፤ በሦስተኛው ባቡሩ ይሄዳል። ባቡር አይተን ባናውቅም ደንቡን ወደድነው። ተሰማ ባዶ የጥይት ሣጥን ሊመታ፣ እኛም ሕዝቡ ተሻግሮ ማለቁን የሚነግረውን ሦስተኛውን ስንሰማ ጉብታውን ልንለቅ ተስማማን።

ስምንት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። አንደኛው ደወል ተመታ። ቆይቶ ሁለተኛው። ከዚያ ዝም። ከመካከላችን ደምሴ ወደቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ጥይት ቀረን።

አለቃችን «መምህር፣ ውረድና እይ፤ ባቡሩን ምን ያዘው?» አለኝ።

ወረድሁ። ግማሹ ሕዝብ ገና አልተሻገረም። ግንዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ የሠርግ ቤት በር ላይ እንደሚያደርገው፣ ይግደረደራል። ቄሱ አንዲት አሮጊት መነኩሲትን እርስዎ ይቅደሙ ይላሉ፤ እማሆይም ካህን ቆሞ አላደርገውም ይላሉ። ከኋላቸው ያለውም ታላቁን አልፎ መርገጥ ነውር ሆኖበታል።

ተሰማ የግራዋ ቅጠል ሸምጥጦ ግንዱ አጠገብ ቆመና ለእማሆይ አንድ አስጨበጣቸው።

«ለገሃር መኳንንትም ቢመጡ የማየው ቲኬታቸውን ነው። ይሳፈሩ፤ ክብርዎ ማዶ ይጠብቅዎታል።»

እማሆይ ቅጠሉን አገላብጠው አዩት። «የመመለሻዬንም ስጠኝ እንጂ፤ ቤቴን ክፍት ትቼ ነው» አሉና ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተግደረደረም። የሚያስቀድመው ቲኬቱ ስለ ሆነ ማንም አላፈረም።

ወደ ጉብታው ስመለስ መንገድ ላይ ሦስተኛው ደወል ተመታ። ደርሼ ብቆጥር አያሌውም ወድቋል። የሁለቱን አስከሬን ተሸክመን ተሻገርን። ከሕዝቡ አንድ ሰው አልጎደለም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስጓዝ ለገሃርን አየሁት። ሸኚው፣ ተሸካሚው፣ ጓዝ የከመረው ሁሉ አዳራሹን ሞልቶታል። ቲኬት መቁረጫው መስኮት ውስጥ ተሰማ ተቀምጧል።

«ወደ ጨሞጋ ማዶ ነው፣ መምህር?» አለና ሳቀ።

ተሳፍሬ ሦስተኛው ደወል ሲመታ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁ። ደምሴና አያሌው ያን ድምፅ ሲጠብቁ ነው የወደቁት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ተቀመጥሁ።