ያልዘመመው ቤት

በቤኒኗ ከተማ ፖርቶ ኖቮ፣ እኛ ሰፈር፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን መጠየቅ አፍራለሁ። የአሮጌ ካሜራ ሌንስና የፊልም መያዣ ነቅለው፣ በፍየል ቆዳና በሳንቃ ትልቅ ካሜራ ሠርተዋል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከፍ የሚለው ሌንሱ ብቻ ነው። በየደቂቃው ውሃ ልክ ያስቀምጡበታል።

አንድ ነጋዴ የአባታቸውን ፎቅ ለማስፈረስ፣ ስልኩን ወደ ላይ አንጋጦ ፎቶ አነሳውና "ይኸው ዘሟል" ብሎ ከሰሰ። ካሜራ ሲያንጋጥጥ ቀጥ ያለውም የዘመመ ይመስላል።

ዛሬ ካሜራቸውን ፎቁ ፊት አቁመው ሳለ አንድ ባለሞተር ቆሞ "አባባ፣ ሳጥኑ ውስጥ ዶሮ ነው ያለው?" አላቸው።

ከካሜራው ጀርባ የተንጠለጠለውን ጥቁር ጨርቅ ገለጡለት። "ግባና እይ!"

ገብቶ ሳቀ። "ቤቱ ተዘቅዝቋል እኮ!"

"ሌንሱ ነው፣ ይዘቅዘቅ። ዘሟል ወይ?"

ሰውዬው ሳቁን ተወና ደግሞ አየ። "ኧረ ቀጥ ያለ ነው፣ አባባ።"

"በል ውጣ፣ ላንሳውና ለዳኛው ላሳይ። ከዚያ ነጋዴው ይምጣና ያፍርሰው!"