ልጆቹ ስለ እኔ የጸለዩበት እሑድ

ባለፈው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የእህቴ ልጅ ዘነበች በዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጓሮ ባለው የልጆች ክፍል ውስጥ ድምፅዋን አውጥታ ጸለየች። ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ለስምንት ወር ያህል ከአፏ ቃል አልወጣም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ሥራዬ ዜና መጻፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ። ጌታ ይመስገን።

እህቴ ማንኪራ በሚባለው የገጠር ቀበሌ ትኖር ነበር፤ እዚያው አረፈች። ልጇን እዚህ ቦንጋ ወደ ቤቴ አመጣኋት። የእኔ አፍ መፍቻ ቋንቋ ካፊኖኖ ነው፤ ባለቤቴ ግን ከመሀል አገር ከመጡ ነጋዴዎች የተወለደች ስለሆነች በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ልጅቷ አማርኛ ቶሎ እንድትለምድ ብዬ በካፊኖኖ ማንም እንዳያናግራት አዘዝኩ። እኔም አላናገርኳትም። በመጀመሪያው ሳምንት ይህንንም ያንንም ትጠይቀኝ ነበር። «በአማርኛ በይ» እላታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዝም አለች።

እዚህ ቤተ ክርስቲያንም ያደረግሁት ያንኑ ነው። ከሽማግሌዎች መካከል የልጆች አገልግሎት ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ስብከት ስሰማ አንድ ቀን እንኳ የልጆቹን ክፍል በር አልከፈትኩም። ለእኔ ልጆች ማለት ጉባኤው እንዳይረበሽ ወደ ጓሮ የሚወጡ ነበሩ። አስተማሪያቸው ትዕግሥት ከገጠር ለመጡት በካፊኖኖ ላስተምር ብላ ስትጠይቀኝ፣ «የከተማ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነን» አልኳት።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር አስተርጓሚ ይፈልጋል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ረዘመ» ብዬ ሸኘኋት።

በስምንተኛው ወር ዘነበችን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዲዳ ሆና እንዳትቀር ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ ጆሮዋንም ጉሮሮዋንም አየ።

«ምንም የለባትም» አለኝ። «ቤት ውስጥ በእናቷ ቋንቋ የሚያናግራት ማን ነው?»

«ማንም።»

«እርስዎ አይችሉም?»

«እችላለሁ።»

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ትዕግሥት ሄድኩ። ከእሑድ ጀምሮ በካፊኖኖ አስተምሪ አልኳት።

«የከለከሉት እርስዎ ነዎት» አለች። «ገብተው ለልጆቹም እርስዎ ይንገሯቸው።»

እሑድ ገባሁ። አግዳሚው ዝቅተኛ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ክፍሉ አንድ ልማድ አለው፤ ትልቅ ሰው ከገባ ልጆቹ የጸሎት ርዕሱን ይጠይቁታል፣ ከመካከላቸው አንዱ ይጸልይለታል። አንዲት ልጅ በካፊኖኖ «ስለ ምን እንጸልይልዎት?» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋብኝ።

«የእህቴን ልጅ ቋንቋዋን ከለከልኳት» አልኩ በዚያው በካፊኖኖ። «ይቅር እንድትለኝ ጸልዩልኝ።»

ከኋላ አንዱ ለጓደኛው፣ «ለካ ጋሼም እንደኛ ያወራሉ» አለው። ሳቁ።

«ማን ይጸልይላቸው?» አለች ትዕግሥት።

ከልጆቹ መካከል ዘነበች ተነሣች። መጥታ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «ጌታ ሆይ፣ አጎቴ እያለቀሰ ነው» አለች በካፊኖኖ። «አትቆጣው። እኔም አልተቆጣሁትም። አሜን።»

ወገኖቼ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ስለ ይቅርታ ሰምቼ፣ ይቅርታን የተቀበልኩት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌ ተብዬ ስጠራ ኖሬ፣ ልቤን ለጌታ የሰጠሁት በዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ጌታ ይመስገን። ሐኪሙ ምንም የለባትም ያለው እውነት ነበር፤ መፈወስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን ወደ ጓሮ ልካችሁ አትመለሱ። አንድ እሑድ አብራችኋቸው ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ይጸልዩላችሁ። የሚሰማቸው ጌታ እናንተንም ይሰማል፤ ታመኑት።

አሁን በየእሑዱ ከትዕግሥት ጋር አስተምራለሁ። ባለቤቴ ካፊኖኖ እየተማረች ነው፤ አስተማሪዋ ዘነበች ናት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስንመጣ፣ ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቷ ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ከግቢው በር ስንደርስ ጥያቄዋ ገና አላለቀም ነበር።